የአያ ስማቸው የባሕር መብራት

ባለፈው ነሐሴ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በኩል ለዘመድ ለቅሶ ስሄድ፣ የተሳፈርንበት መኪና ድልድዩ ጋ ሲደርስ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ "ውረዱና እግራችሁን አፍታቱ" አለን፤ ወረድሁ። ዝናቡ አባርቷል። ወንዙ ከድልድዩ ሥር እያጉረመረመ ይሄዳል። ወንዝ ሞልቶ ሲጎድል ዳሩ ላይ የሚተወው ሽታ አለ፤ የደለል፣ የተነቀለ ሥር፣ የበሰበሰ ሣር ሽታ። እሱ አፍንጫዬን ሲመታኝ የድልድዩን ብረት ያዝሁ።

"እትዬ፣ አዞረዎት እንዴ?" አለችኝ መኪና ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ የነበረች ልጅ።

"አይ ልጄ፣ ቁርስ ስላልበላሁ ነው" አልኋት።

ቁርስማ በልቻለሁ። ያዞረኝ እዚያው ቦታ ላይ፣ ድልድዩ ሳይሠራ፣ በልጅነቴ ያየሁት ነገር ነው። ለዚያች ልጅ እንዲህ ቆሜ ልንገርሽ ብላት የት ጀምሬ የት እጨርሰው ነበር? እዚህ ግን ልሞክር።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ ሰኔ ሲገባ ነው። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴና እትዬ ጥሩነሽ ግቢያችን ውስጥ ቆዳ አንጥፈው ለገበያ የሚሄድ በርበሬ ይለቅማሉ፤ እኔ ደግሞ ከአጠገባቸው ተቀምጬ አስነጥሳለሁ። እትዬ ጥሩነሽ ድሮ የእናቴ ታላቅ ወንድም የአያ ስማቸው ሚስት ነበረች። አያ ስማቸው ገና ጎረምሳ ሳሉ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ብለው እንደወጡ ቀሩ። ምጽዋ ታዩ ተባለ። ቆይቶ ደግሞ ከግንባር የተመለሰ አንድ ወታደር "እሳቸው ያሉባት ደሴት ላይ የተረፈ ሰው የለም" ብሎ መርዶ አመጣ። ተለቀሰ፤ ተዝካር ተወጣ። እትዬ ጥሩነሽም ከጊዜ በኋላ ጥቁሯን አውልቃ አያ ውባንተ የሚባሉ ሞፈርና ቀንበር የሚጠርቡ ሰው አገባች። ከእናቴ ጋር ግን ዝምድናቸው አልተበጠሰም፤ እንዲያውም ባል ከመሀላቸው ስለወጣ ይመስለኛል የበለጠ ተዋደዱ።

ታዲያ በርበሬው እየተለቀመ ሳለ ከአጥሩ በር ላይ አንድ ረጅም፣ ፀሐይ ያከሰላቸው ሰው ቆመው "ቤቶች!" አሉ።

እናቴ ቀና አለች። በእጇ የነበረው በርበሬ ተበተነ።

"በስመ አብ! በስመ አብ! ሰው ከሆኑ ተመስገን፣ ካልሆኑ በስሙ ይሂዱልኝ!"

"የሺ፣ እኔ ነኝ" አሉ ሰውዬው።

እናቴ መጀመሪያ እግራቸውን አየች፤ ከእግራቸው ቀጥሎ ጥላቸውን። ጥላ እንዳላቸው ስታውቅ ነው ጩኸቱን ያቀለጠችው። እኔ እናቴ ውስጥ እንዲያ ያለ ድምፅ መኖሩን አላውቅም ነበር፤ ቆዳው ሥር ገባሁ።

እትዬ ጥሩነሽ አልጮኸችም። ዓይኗን በበርበሬ እጇ ነካችው። ከዚያ እንባዋ ወረደ። በርበሬው ይሁን ሌላ፣ ማንም ሊጠይቃት አልቻለም።

"አንተ ሰው" አለች እያበሰች፣ "ተዝካርህን እኮ እኔ ነኝ የጠመቅሁት። ጠላው ጎምዝዞ ነበር። ለዚያ ነው መሰለኝ መንገድ ላይ ሐሳብህን ቀይረህ የተመለስኸው።"

ሳቁ። ከዚያ ሳቁን ተዉና "አገባሽ?" አሏት።

"አገባሁ።"

"ማንን?"

"ውባንተን።"

"ደግ ሰው ነው።"

"ደግ ነው።"

አለቀ። እኔ ገና ሊጣሉ ነው ብዬ ከቆዳው ሥር እጠብቃለሁ።

አገሩ ሁሉ አያ ስማቸውን ሊያይ መጣ። ጸበል አጠጧቸው፤ በመስቀል ዳበሷቸው። ሰው ግን ሲጨብጣቸው መዳፉን ቶሎ ይሰበስባል። መሬታቸው ተከፋፍሏል፤ ማኅበር ላይ የነበረ ቦታቸው ለሌላ ተሰጥቷል፤ ሚስታቸው ሌላ ቤት ናት። ተዝካሩ የተበላ ሰው የት ይቀመጣል? እኛ ቤት መደብ ላይ ተቀመጡ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ እንደነበር ልጅም ብሆን ገብቶኝ ነበር፤ ከሰው እኩል እንደ ሕያው መቆጠር።

"ይህን ሁሉ ዘመን ምን ስትሠራ ነበር?" ይሏቸዋል ጎረቤቶች።

"መብራት ስጠብቅ።"

"መብራት ምን ሆኖ ይጠበቃል? ይሰረቃል?"

"እንዳይጠፋ ነዋ።"

"የማን ቤት መብራት ነው?"

"የማንም። የባሕር ነው።"

ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አንድ ቀን እትዬ ጥሩነሽ ይህን ሰማችና "እኔ ቤት ኩራዝ የሚለኩስልኝ አጥቼ ሳለሁ ለባሕር ሲያበራ ኖረ በሉኛ!" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ፤ ጆሯቸው ግን ቀላ።

እኔ ደግሞ ልቤ አልተኛልኝም። "ባሕር መሀል ያለ የመብራት ማማ" ይላሉ። እኛ አገር ማማ ማለት ዝንጀሮና ወፍ ለመጠበቅ እርሻ መሀል በአራት እንጨት የሚቆም ቆጥ ነው። ስለዚህ በአራት እግሩ ውኃ ውስጥ የቆመ ቆጥ ታየኝ፤ አያ ስማቸው ወንጭፍ ይዘው ላዩ ላይ።

"አያ፣ ዝንጀሮው በዋና ነው የሚመጣ?" አልኋቸው።

ከመጡ ወዲህ ከልባቸው ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ስንጥር አነሡና ከምድጃው ጥግ አመዱ ላይ ይሥሉልኝ ጀመር።

"ይኸውልሽ። ክብ ነው፤ ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ ሲሄድ የሚጠብ። ድንጋይ ነው፤ ጣልያን የሠራው። ከዚያ በፊት ደሴቲቱ ላይ እንጨት ተክለው በብረት ቅርጫት እሳት ያነዱበት ነበር አሉ፤ ነፋስ ያጠፋዋል፣ ዝናብ ያጠፋዋል፣ መርከብ ይሰበራል። ጣልያን መጣና ድንጋዩን ካበ፤ ብረቱንና መስተዋቱን ከአገሩ በመርከብ ቆራርጦ አምጥቶ ገጣጠመው። ነጭ ነው፤ ወገቡ ላይ ጥቁር መቀነት አለው።"

"መቀነት ለምን?"

"ቀን ቀን መርከበኛው በመቀነቱ እንዲለየው። ሌላው ደሴት ላይ ያለው ደግሞ ቀይ ይታጠቃል። ሲመሽ ቀለም አይታይም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱ ጥቅሻ አለው። የእኔው ብልጭ፣ ብልጭ ይልና ይጨልማል። እንደገና ብልጭ፣ ብልጭ። ሌላው አንዴ ረዘም አድርጎ ያበራል። መርከበኛው ጥቅሻውን አይቶ የትኛው ዓለት አጠገብ እንዳለ ያውቃል።"

ውስጡ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የሚዞር የብረት ደረጃ አለ አሉ። ከላይ ከሰው የሚበልጥ መስተዋት፣ ጠርዝ በጠርዝ የተደራረበ፣ መሀሉ ላይ መብራቱ። መስተዋቱ ከጥማድ በሬ ይከብዳል፤ ግን ባዜቃ ላይ ስለሚንሳፈፍ በአንድ ጣት ብትገፊው ይዞራል። ባዜቃ ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው "እንደ ውኃ የሚፈስ ብር" አሉኝ። እናቴ ከጓዳ "ኧረ ልጄን አታሳብዱብኝ!" አለቻቸው። የሚያዞረው ደግሞ በሰንሰለት የተንጠለጠለ ከባድ ብረት ነው፤ በማማው ሆድ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ታች ሲደርስ ጠባቂው በእጁ ጠምዝዞ ያወጣዋል። ሥራውን ያስተማሯቸው ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። የሚጠጡት ውኃ በጀልባ ይመጣላቸዋል፤ ጀልባው ሲዘገይ የጉድጓዱን የዝናብ ውኃ በጨርቅ እያጠለሉ ይጠጣሉ።

"ጠዋት ጠዋት ደግሞ ማማው ሥር የሞቱ ወፎች እለቅም ነበር" አሉኝ አንዴ።

"ምን ገደላቸው?"

"መስተዋቱ። ከሩቅ አገር የሚሻገሩ ወፎች ናቸው። ብርሃኑን ያዩና መጥተው ይላተሙበታል።"

ደነገጥሁ። "መርከቡስ አይላተምበትም?"

"መርከብ ወፍ አይደለም" አሉ፣ ራሴን በጣታቸው ነካ አድርገው።

መጨረሻ ላይ ጦርነቱ መጣ። አጥፉ ተባሉ፤ አብሩ ተባሉ፤ እንደገና አጥፉ ተባሉ። አንድ ቀን መድፍ አጠገባቸው ወደቀና ያ ሁሉ መስተዋት እንደ በረዶ ረገፈ። አያ ስማቸው አንድ ስባሪ አነሡ፤ እሱን በጋቢ ጠቅልለው ነው አገራቸው የገቡት። ሦስት ማዕዘን ያለው ወፍራም መስተዋት ነው፤ ፀሐይ ላይ ሲይዙት የማርያም መቀነት ግድግዳችን ላይ ይወርዳል። እኔ ባሕሩን ቆርሰው ያደረቁት መሰለኝ። ሳያዩኝ ላስሁት፤ ጨው ጨው አለኝ። የእጃቸው ላብ ይሆናል።

አሁን ወደ ወንዙ ልምጣ።

ወንዛችን ስም አለው፤ እኛ ግን "ወንዙ" ብቻ ነው የምንለው። ቡሬ ገበያ ለመሄድ እሱን መሻገር ግድ ነው። ከረምረም ሲል ሰው ይበላል። እኛ ጋ ጠብ ሳይል ላይኛው አገር ዘንቦ ድንገት ይሞላል። መሻገሪያው መሀል ላይ ቆብ የደፋ ሰው የሚመስል ትልቅ ድንጋይ ነበር፤ መነኩሴው እንለዋለን። የመነኩሴው ቆብ ከታየ ይሻገራሉ፤ ካልታየ ማዶ ያድራሉ። ሕጉ ይህ ብቻ ነው። ያን ሰኔ ግን አንድ ጎረምሳ ሲመሽ፣ ቆቡን ያየ መስሎት ገብቶ ቀረ።

ከልጁ ቀብር ሲመለሱ አያ ስማቸው ምግብ እምቢ አሉ። "እኔ እኮ ከዚህ በቀር የማውቀው ነገር የለም" አሏት እናቴን። "ይህን ግን አውቃለሁ።" እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ ፊት ቆመው "ወንዙ ሲሞላ እኔ መብራት አበራለሁ" አሉ። ወንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ደስም አላቸው። አባቴ ቤት ገብቶ ለእናቴ "ወንድምሽ ለወንዙ መብራት ሊያደርግለት ነው" አላት። እናቴም "ተመስገን፣ ከእንግዲህ ሲመሽብን እያየን እንሻገራለን" አለች። እኔም እንደዚያው ነው የገባኝ። ሌላ ምን ይገባናል?

ማማውን የሠሩላቸው አያ ውባንተ ናቸው። ማንም አልጠየቃቸውም፤ አንድ ጠዋት መጥረቢያቸውን ይዘው መጡ። ሁለቱ ሰዎች ወንዙ ዳር እንጨት ሲያቆሙ እኔ ምሳ አደርስላቸው ነበር። ስለ እንጨቱ ያወራሉ፤ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፤ ስለ እትዬ ጥሩነሽ አንድ ቃል አይወጣቸውም። ከላይ አያ ስማቸው ከቡሬ ያመጡትን በፓምፕ የሚነፋ ማሾ ሰቀሉ፤ ከፊቱ ያን የባሕር ስባሪ አሰሩ፤ ብርሃኑን የሚሸፍን የሚከፈት ጣውላም አደረጉለት። ሰው መንገድ ላይ ሲያገኛቸው "አያ ስማቸው፣ በርቱ" ማለት ጀመረ። መዳፋቸውን ረዘም አድርጎ የሚጨብጣቸውም ሰው ተገኘ። የዚያን ሰሞን ጀርባቸው ቀና ብሎ ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው፤ ለገበያ እናቴ፣ እትዬ ጥሩነሽ፣ ሌሎች የሰፈር ሴቶችና እኔ ቡሬ ወጣን። ጠዋቱ ፀሐይ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ በርበሬዋን በርካሽ አልሰጥም ብላ ከነጋዴ ጋር ስትሟገት ("ይኸ እኮ በርበሬ ነው ወንድሜ፣ ገለባ አይደለም!") ዋለችና ግማሹን አህያዋ ላይ መልሳ ጭና አመሸን። ወንዙ ዳር ስንደርስ ለዓይን ያዝ አድርጓል። ጉም ውኃው ላይ ተኝቷል። ወንዙ ይጮሃል፤ ክረምት መቼም ሁልጊዜ ይጮሃል። መነኩሴው አይታይም፤ ጉሙ ይሸፍነው ውኃው ማወቅ አይቻልም።

"እዚሁ እንደር" አለች እናቴ።

"የማን ልጅ ነኝ ብዬ ልደር? ውባንተ እንደሁ መሶቡን እንኳ መክፈት አያውቅ፣ ጦሙን ሊያድርብኝ ነው" አለች እትዬ ጥሩነሽ።

ያን ጊዜ ማዶ ላይ መብራቱ በራ።

ብልጭ፣ ብልጭ። ጨለማ። ብልጭ፣ ብልጭ። ጨለማ።

እልል ያሉም አሉ። ምን ልበላችሁ፣ እንዲያ ያለ ነጭ ብርሃን አይተን አናውቅም፤ ጉሙን ሰንጥቆ ፊታችን ላይ መጣ። እናቴ አማተበች። "ወንድሜ ወንዙን አይቶታል ማለት ነው!" እኛ አገር ሲመሽ ችቦ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ሰው ካየህ እየጠራህ ነው። የጠፋ ልጅ በእሳት ይጠራል፤ የመሸበት እንግዳ በእሳት ይጠራል።

"እዩት፣ ኑ ኑ ሲለን!" አለች አንዷ።

እትዬ ጥሩነሽ ቀሚሷን ሸብ አደረገች። የአህያዋን ገመድ እንዳያመልጣት እጇ ላይ ጠመጠመችው። "ተዝካሩን የበላንለት ሰው ሊያሻግረን! ወይ ጊዜ!" ብላ ሳቀችና ገባች። እናቴ እኔን ክንዴን ይዛ ተከተለቻት።

መብራቱ ተጣደፈ። ብልጭ ብልጭ ብልጭ ብልጭ።

"ፍጠኑ እያለን ነው፣ ውኃው ሳይመጣ!" አለች እናቴ።

ፈጠንን። ውኃው ጉልበቴ ደረሰ። ቀዝቃዛ ነው፤ ይጎትታል። ከሥር ድንጋይ ሲንከባለል እግሬን ይመታኛል፤ እኔ ግን ዓይኔን ከብርሃኑ ላይ አላነሣሁም። ማንም አላነሣም።

ድንገት መብራቱ ጠፋ።

ጭል አላለም፤ አልደከመም፤ አፍ እንደሚዘጋ ነው የተዘጋ። ሁላችንም ባለንበት ቆምን። ለካ ዓይናችንን የያዘው እሱ ኖሯል። ትንሽ ቆይቶ የቀረችው የምሽት ብርሃን ለዓይናችን መጣች፤ ጉሙም ከፈት አለ፤ ወንዙን አየነው። ወንዝ አልነበረም። አገሩ በሙሉ ተነቅሎ የሚሄድ ነበር የሚመስል። መነኩሴው መቆም ባለበት ቦታ ውኃው ብቻ ጀርባውን አጉብጦ ያልፋል።

"ጥሩ! ተመለሽ! ጥሩ!"

እናቴ እኔን ወደ ኋላ ወረወረችኝ፤ ጭቃ ላይ በጀርባዬ ወደቅሁ። ቀና ስል እትዬ ጥሩነሽ ፊቷን ወደ እኛ አዙራለች። ነጠላዋ ነጭ ሆኖ ይታየኛል። አፏን ከፍታለች፤ ልትቀልድ ነው ብዬ አሰብሁ፣ እግዜር ያውቃል ይህን ነው ያሰብሁ። አህያዋ በጎኗ ተገለበጠች። ገመዱ እጇ ላይ ነው። ሁለቱም አልነበሩም።

ድምፅ የለም። እኔ ሰው ሲሞት የሚጮህ ይመስለኝ ነበር።

ያን ሌሊት ዳር ካለች አንዲት ባልቴት ቤት አደርን፤ ማንም አልተኛም። ሲነጋ ወንዙ ምንም እንዳላደረገ ጎድሎ ተገኘ። ቁጥቋጦው ሁሉ ላይ ቀይ በርበሬ ተንጠልጥሏል። እንደ ጌጥ። እናቴ ያን ስታይ ነው መሬት ላይ የተቀመጠችው።

ስንሻገር አያ ስማቸው ማማው ሥር ተቀምጠዋል። እጃቸው በጋቢ ተጠቅልሏል፤ የሚነድ ማሾ በመዳፍ አፍነው ነው ያጠፉት፤ የማሾው መስተዋት እጃቸው ላይ ፈንድቷል። እናቴ ፊታቸው ቆመች።

"ለምን ጠራኸን?"

እናቴ ታላቅ ወንድሟን "አንተ" ስትል ያን ቀን ብቻ ነው የሰማሁ።

"አልጠራኋችሁም የሺ" አሉ። "አትምጡ ነው ያልሁ።"

"የምን አትምጡ?"

"መብራቱ እኮ... ዓለት አለ፣ ራቁ ማለት ነው። ስትገቡ ሳይ ደግሞ ቶሎ ቶሎ አልሁት፣ ባትቆሙልኝ ጊዜ አፈንሁት..."

"ሰው አትምጡ ሊል መብራት ያበራል? ኧረ አንተ ሰው! መብራት ያለበት ሰው አለ፤ ሰው ወዳለበት ይኬዳል! እናታችን ይህን ሳታስተምርህ ነው ያሳደገችህ?"

 እኔ ትልቅ ሰው እንዲያ ሲደነግጥ አይቼ አላውቅም። መድፍ ሲወድቅ ያልደነገጡ ሰው የእናቴ ቃል ፊታቸው ላይ ሲፈነዳ አየሁት። አብረዋቸው የኖሩት ሁሉ መብራት ምን እንደሚል የሚያውቅ ስለነበር፣ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብለው ለአንድ ቀን አላሰቡም። እኛም ሌላ ነገር ሊል ይችላል ብለን ለአንድ ቀን አላሰብንም።

እትዬ ጥሩነሽን ከታች፣ ወንዙ ከሚጠመዘዝበት ላይ አገኟት። ገመዱ እጇ ላይ ነበር።

ለቅሶው ላይ የአያ ውባንተ ግቢ ሰው ሞልቷል። ዝናብ ያካፋል። ቁልቁል ሳይ አያ ስማቸው ማጅራታቸው ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክመው ዳገቱን ይወጣሉ። ያጠፋ ሰው እንዲህ ነው የሚመጣ፤ የተበደለው "አውርድ" እስኪለው ድንጋዩን አያወርድም። በተጠቀለለ እጃቸው መደገፍ ስለማይችሉ አንገታቸውን አጉብጠው ነው የሚሄዱ። ግቢው መሀል ሲደርሱ ተንበረከኩ።

አያ ውባንተ "አውርድ" አላሉም።

 ሽማግሎቹ ሳሉ። "ውባንተ፣ ስለ እግዚአብሔር" አለ አንዱ። አያ ውባንተ እጃቸውን አነሡና አስቆሙት። እኔ ድንጋዩ የአጎቴን አንገት ሊሰብረው ነው ብዬ የእናቴን ቀሚስ ይዣለሁ።

"ስማቸው" አሉ በመጨረሻ።

"አቤት" አሉ ከድንጋዩ ሥር።

"ያ መርከበኛ የምትለው። መብራቱ ራቅ እንደሚለው በምን ያውቃል?"

"ይማራል። ባሕር ከመግባቱ በፊት ይማራል።"

"ማን ያስተምረዋል?"

"ከእሱ በፊት የነበረው።"

"ጥሩነሽን ማን አስተማራት?"

አያ ስማቸውም "ማንም" አሉ።

"ማንም" አሉ አያ ውባንተ። "እኔም ያን ሁሉ ቀን አብሬህ እንጨት ስጠርብ ይህ ነገር ምን ይላል ብዬ አልጠየቅሁህም። ደረቴን ነፍቼ ማማ ሠራሁ።" ተነሡ። "እንግዲያ የድንጋዩ ግማሽ የእኔ ነው። ቆይ፣ ብቻህን አታውርደው፤ እጅህ ተቃጥሏል።"

በአንድ ወገን ያዙት። ሁለቱ አብረው አወረዱት። ከዚያ ነው ለቅሶው የፈነዳ።

ክረምቱ ገና አላለቀም ነበር። እናቴ ገበያ ትታ ከቆየች በኋላ የቤቱ ጨው አልቆ እንደገና ወጣን። ስንመለስ መሸ። ወንዙ ዳር ሳንደርስ ያ መብራት ማዶ ላይ ብልጭ፣ ብልጭ ሲል አየሁት፤ እግሬ መሬት ያዘ። እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችኝ።

"ቁሙ!" የሚል የሻከረ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ። "መብራቱ አትምጡ ነው የሚል! ቁሙ! እዚሁ እደሩ!"

አያ ውባንተ ነበሩ። ጋቢያቸው ረጥቦ ሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል። ለካ ገበያ በዋለ ቁጥር ጠዋት ውኃው ሳይመጣ ወደዚህ ማዶ ይሻገራሉ፤ አያ ስማቸው ወዲያ ሆነው ያበራሉ፣ እሳቸው ወዲህ ሆነው ይጮሃሉ። ወንዙ ከሞላ እንደኛው ማዶ ያድራሉ። 

ከኋላችን በቅሎ የሚጎትት ሰውዬ ደረሰ። ከሽንዲ ወዲያ ነኝ አለ፤ ቸኩሏል።

"ምንው ቆማችሁ? ማዶ እየጠሩን አይደል እንዴ?"

"እየጠሩ አይደለም" አሉት አያ ውባንተ።

"ይኸው እየጠቀሰ! ዓይን የለህም አንተ ሰው?"

"አትሂድ ነው የሚልህ።"

"በምን አወቅህ?" አለ ሰውዬው፣ በቅሎውን ወደ ውኃው እየሳበ።

አያ ውባንተ መንገዱ ላይ ቆመው የበቅሎውን ልጓም ያዙ።

"ሚስቴ ሄዳ አይታዋለች" አሉት።

ሰውዬው አያቸው። ከዚያ በቅሎውን አዞረ።